ያርባ ቀን ዕድልና የሕዋስ ጆሮ

ሰው መከራ ሲደራረብበት «ያርባ ቀን ዕድሉ ነው» እንላለን። አባባሉ ሐዘንተኛን ያጽናናል፣ ሰነፍን ከወቀሳ ያስጥላል፣ ከሁሉ በላይ ግን ነገሩን ይዘጋዋል። አንዴ «ዕድሉ ነው» ከተባለ በኋላ ማን ምን አደረገ ብሎ መጠየቅ ነውር ይመስላል። በከሚሴና በዙሪያዋ ባለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ይህ አባባል የቆመው በሁለት እግሩ ነው። አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነውና ቡኻሪና ሙስሊም ከኢብኑ መስዑድ ይዘው የዘገቡት ሐዲስ ለደረሳውም ለገበሬውም እንግዳ አይደለም፤ ጽንስ በእናቱ ማሕፀን በአርባ በአርባ ቀን መልኩን እየለወጠ ከቆየ በኋላ መልአክ ተልኮ ሲሳዩን፣ ዕድሜውን፣ ሥራውንና መጨረሻውን እንደሚጽፍ የሚናገረው ነው። ክርስቲያኑ ጎረቤት ደግሞ ወንድ ልጁን በአርባ፣ ሴት ልጁን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያስነሣል። የአርባ ቀን ነገር ስለዚህ የሁለቱም ቤት ነገር ነው። የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ የተጻፈው ተቆልፏል ወይ? ይህ ጥያቄ ለብዙ ዘመን የሸሁና የቄሱ ብቻ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ ግን አካባቢ ሕዋስ ለሆርሞን የሚሰጠውን ምላሽ እንዴት እንደሚለውጥ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች፣ ሳያስቡት፣ ከዚሁ ጉባኤ ገብተው ተቀምጠዋል። እኔ የምከራከረው ማስረጃቸው «ዕድል የሚባል ነገር የለም» ለማለት አያበቃም፣ «ዕድል ነውና ማንም አይጠየቅ» ለሚል ሰው ግን መቆሚያ ያሳጣዋል ብዬ ነው።

ሆርሞን መልእክተኛ ነው። ከእጢ ይወጣል፣ በደም ይጓዛል፣ የሕዋሳትን ሁሉ ደጅ ያንኳኳል፤ የሚከፍትለት ግን ለእርሱ የተሠራ ተቀባይ ያለው ሕዋስ ብቻ ነው። በትምህርት ቤት ነገሩን እንደ ቁልፍና እንደ ጓጉንቸር አድርገን ተምረነዋል። ሥዕሉ ውሸት ባይሆንም ግማሹን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ምክንያቱም ጓጉንቸሩ ራሱ ሕያው ነው። ሕዋስ ተቀባዮቹን እንደ ጊዜው ያበዛል፣ ይቀንሳል፣ ከገላው ላይ አንሥቶ ወደ ውስጥ ይሰበስባቸዋል። መልእክቱ ገብቶም ቢሆን ከዘረመሉ መዝገብ የትኛው ገጽ እንደሚነበብ፣ የትኛው እንደሚታጠፍ ገና ይወሰናል። ኢንሱሊንን እንውሰድ። በደም ውስጥ ፋታ ሳይሰጥ ሲበዛ ሕዋሳት ተቀባዮቻቸውን ይቀንሳሉ፤ ጎረቤቱ ቀን ከሌት የሚጮህበት ሰው ውሎ አድሮ ጩኸቱን መስማት እንደሚተው ማለት ነው። በጾም ሰዓት ደግሞ ኢንሱሊን ይወርድና ግሉካጎን የተባለው ሆርሞን ከፍ ይላል፣ ጉበትም ያኖረውን ስኳር መልቀቅ ይጀምራል። (ረመዳንም ሁዳዴም፣ ሌላው ቁም ነገራቸው እንዳለ ሆኖ፣ የሕዋስን አካባቢ በገዛ ፈቃድ መለወጥ ናቸው፤ ምእመኑ ይህን ከሐኪሙ በፊት ሲያደርገው ኖሯል።) እንግዲህ በደም ውስጥ ሆርሞኑ ስንት ነው ብሎ መለካት ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ሕዋሱ ምን ቤት ውስጥ፣ በምን ዘመን ላይ ሆኖ እንደሚሰማው ማወቅ ይቀራል።

ለዚህ ከወሎ ታሪክ የበለጠ ምስክር የለም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ዛሬ የዚሁ ዞን አካል የሆነችው ባቲ፣ በሰኞ ገበያዋ የምትታወቀው ከተማ፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ረሃብተኛ የተጠለለባት ነበረች። እንደዚያ ባለ ረሃብ የተጎዳ ሕፃን ደሙ ሲመረመር የእድገት ሆርሞኑ አልቆ አይገኝም። እንዲያውም ከጠገበ ሕፃን ይበልጣል። ከአንጎል ሥር ያለችው እጢ «እደግ፣ እደግ» እያለች ትልካለች፤ ጉበት ግን አይሰማም። በደህና ቀን ይህ መልእክት ሲደርሰው ሌላ አሳዳጊ ንጥረ ነገር እየሠራ ለአጥንትና ለጡንቻ ያከፋፍል ነበር፤ አሁን ሥራውን አቁሟል። ሐኪሞች ይህን ለእድገት ሆርሞን መደንቆር ሊሉት ይችላሉ፤ እኔ ግን መደንቆር የሚለው ቃል ፍርድ ያጓድላል እላለሁ። ጉበቱ የሚያደርገው ክፉ ዘመን የመጣበት ገበሬ የሚያደርገውን ነው፦ ያለችውን እህል ለዕለት ነፍስ ማቆያ ያደርጋል፣ ጎተራ ማስፋቱን ለሌላ ዓመት ያቆየዋል። ልጁ እንዲተርፍ ቁመቱ ተከፈለ። ሆርሞኑ አልጎደለም፣ የወላጁ ዘርም እንከን አልነበረበትም፤ የተለወጠው መልእክቱ የደረሰበት ቤት ነው።

ስቴፋን ደርኮንና ካትሪን ፖርተር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ከረሃቡ 20 ዓመት በኋላ በኢትዮጵያ ገጠር ያደጉትን ወጣቶች ቁመት መርምረው ውጤቱን በ2014 (እ.ኤ.አ.) አሳትመዋል። መከራው በከፋበት ወቅት ከ12 እስከ 36 ወር ዕድሜ ላይ የነበሩት ሕፃናት ጎልማሳ ሲሆኑ ቀደም ብለው ከተወለዱት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር አጥረው ተገኙ። ተመራማሪዎቹ ጉዳቱ ከገቢያቸውም በየዓመቱ ሊያጎድልባቸው እንደሚችል ገምተዋል። እነዚህን 5 ሴንቲ ሜትሮች ማን ጻፋቸው? ዝናቡ አልዘነበም፤ እርሱን ለፈጣሪ እንተወው። ነገር ግን በዚያው በ1977 መስከረም በአዲስ አበባ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በብዙ ወጪና ድምቀት ይከበር ነበር፣ በሰሜን ጦርነት ነበር፣ ወሬውም ከሚገባው በላይ ዘግይቶ ነው ለዓለም የተሰማው። ከዚያ 11 ዓመት ቀደም ብሎ በ1966ቱ ረሃብም ወሎ ተመሳሳይ ዝምታ አይታለች። በዚያ ሕፃን ጉበት ውስጥ የተላለፈው ውሳኔ የኬሚስትሪ ውሳኔ ነው፤ ለውሳኔው መነሻ የሆነው መረጃ ግን ከመንገድ፣ ከእህል ጎተራና ከቢሮ የመጣ ነበር።

ቁመት በሜትር ስለሚለካ ለክርክር ይመቻል። የጭንቀት ነገር ይረቃል። በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ኢያን ዊቨር፣ ማይክል ሚኒ፣ ሞሼ ሺፍና ባልደረቦቻቸው በ2004 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት የአይጥ ጥናት እስካሁን የሚያነጋግረው ስለዚህ ነው። አንዳንድ እናት አይጦች ግልገሎቻቸውን በተወለዱበት ሳምንት አብዝተው ይልሳሉ፤ አንዳንዶቹ ብዙም አይነኩም። አብዝተው የተላሱት ሲያድጉ ረጋ ያሉ ይሆናሉ፤ ድንጋጤ ሲመጣ የጭንቀት ሆርሞናቸው ይነሣል፣ ቶሎም ይወርዳል። ምክንያቱ ሲፈለግ በአንጎላቸው የማስታወስ ክፍል ለዚህ ሆርሞን የሚሆኑ ተቀባዮች በዝተው ተገኙ፤ ባልተላሱት ላይ ግን የተቀባዩ ዘረመል ሜቲል በተባለ ትንሽ ኬሚካዊ ምልክት ተሸፍኖ፣ ገጹ ታጥፎ ነበር። የማትልስ እናት የወለደቻቸው ግልገሎች ለምትልስ እናት በማደጎ ሲሰጡ ጠባያቸው እንደ አሳዳጊያቸው ሆነ። ይህ ብቻ ቢሆን «እናት ዕድል ናት» ብለን እናልፍ ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን ያደጉትን አይጦች አንጎል ሜቲሉን የሚያስለቅቅ መድኃኒት ሲሰጡት ምልክቱም ጠባዩም ተለወጠ። መጻፉም እውነት ነው፣ መፋቁም እውነት ነው። በሰው ላይም የሚቀራረብ ነገር ታይቷል። ሆላንድ በ1944 እና 1945 (እ.ኤ.አ.) ክረምት ተርባ ነበር፤ በዚያ ረሃብ ውስጥ የተፀነሱ ሰዎች 60 ዓመት ገደማ አልፎአቸው ሲመረመሩ እድገትን በሚመራ አንድ ዘረመል ላይ ያለው የሜቲል ምልክት ከወንድምና ከእኅቶቻቸው አንሶ ተገኘ። በእርግዝናው መጨረሻ ረሃቡ ያገኛቸው ላይ ግን ይህ አልታየም። ጽሕፈቱ የተካሄደው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው።

አንባቢ ከዚህ ላይ «እንግዲያው ሐዲሱን ሳይንስ አረጋገጠው» ለማለት ይቸኩል ይሆናል። እኔ አልልም፣ እንዳይባልም እመክራለሁ። የሃይማኖት ቃል የሚናገረው ስለ ሰው መጨረሻና ስለ ፈጣሪው ዕውቀት ነው፤ የሜቲል ቆጠራ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት በተሻለ መሣሪያ ሊሻሻል የሚችል ልኬት ነው። አንዱን በሌላው የሚደግፍ ሰው ልኬቱ ሲሻሻል እምነቱንም አብሮ ማሻሻል ይገደዳል። የሚጠቅመው ሌላ ነው፤ ሁለቱም ስለ ጽሕፈት ሲናገሩ ጽሕፈት ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ እንድናስብ ያስገድዱናል። ሌላው ተቃውሞ ከሳይንሱ ወገን የሚመጣ ነው። አይጥ ሰው አይደለችም፤ የሆላንዱ ልዩነት ጥቂት ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ ያው የደርኮንና የፖርተር ጥናት በረሃቡ ጊዜ በማሕፀን በነበሩት ላይ ጉልህ የቁመት ጉዳት አለማግኘቱ ነው። ማሕፀን ይህን ያህል ወሳኝ ከሆነ እነርሱ ለምን አላጠሩም? የተመራማሪዎቹ መልስ አንገት ያስደፋል። በዚያ ዓመት ከተፀነሱት ደካሞቹ ለመለካት ሳይቆዩ ቀርተው፣ የተለኩት ብርቱ ሆነው የተረፉት ሊሆኑ ይችላሉ። ረሃቡ ቁመታቸውን ከመቀነሱ በፊት ቁጥራቸውን ቀንሶት ይሆናል። ስለዚህ ይህ ውጤት ክርክሬን አያፈርሰውም፣ ልክ ግን ያበጅለታል፤ ጠባሳውን በተራፊዎች ላይ ብቻ የሚቆጥር ሰው ትልቁን ክፍል መቃብር ውስጥ ትቶታል።

አሁን ወደ ሃይማኖቱ እንመለስ። ቀደርን (የአላህን ውሳኔ) ከእጅ መታጠፍ ጋር አንድ የሚያደርግ ሰው የእስልምናን ታሪክ በቅጡ አላነበበም። ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ ወደ ሻም ሲጓዙ በአገሩ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ለመመለስ ሲወስኑ ባልደረባቸው አቡ ዑበይዳ ከአላህ ቀደር ነው ወይ የምንሸሸው ብለው ተቃወሟቸው። ዑመር የሰጡት መልስ ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር እንደሚሄዱ የሚገልጽ ነበር፤ ከዚያም ስለ ግመል ምሳሌ አነሡ። አንዱ ወገኑ ለምለም፣ ሌላው ወገኑ ደረቅ በሆነ ሸለቆ ግመሎችህን ይዘህ ብትወርድ በለምለሙም ብታሰማራ በደረቁም ብታሰማራ በአላህ ቀደር ነው። ይህን ምሳሌ ለመረዳት የከሚሴ ሰው ዓረቢያ መሄድ አይጠበቅበትም። ቦርከና ከደሴ አካባቢ ተነሥቶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ ከከሚሴ ሥር ባለው በጨፋ ሜዳ ይንጣለላል። በበጋ ዙሪያው ሲነድ ጨፋ አረንጓዴ ነው፤ አፋሩ ከነግመሉ፣ ኦሮሞው ከነከብቱ ወደዚያ ይወርዳል። እረኛው ጨፋን አልፈጠረውም። ከብቱን በደረቁ ዳገት አቁሞ ሲያልቁበት «ቀደር ነው» ቢል ግን የሰፈሩ ሽማግሌ አይቀበለውም። የሸለቆው መኖር ተጽፏል፤ በየትኛው ዳር መዋል እንዳለብህ ማሰብም ከተጻፈልህ ነገር አንዱ ነው። ሕዋስ ለሆርሞን የሚሰጠው ምላሽ ላይ የተገኘው ዕውቀት ይህን ምሳሌ ወደ ሰው ገላ ውስጥ ያስገባዋል። ዘረመል ሸለቆው ነው፣ አካባቢ ዳሩ ነው። ሱረቱ ረዕድ በ39ኛው አንቀጹ አላህ የሚሻውን እንደሚሽርና እንደሚያጸና፣ የመጽሐፉ መሠረት ግን እርሱ ዘንድ እንደሆነ ሲናገር፣ ሊቃውንት ሁለት ጽሕፈት አለ ያሉት በከንቱ አይደለም፤ የማይለወጠው አንድ፣ በሰበብና በዱዓ የሚለወጠው አንድ። ሰው የተሰጠው በሁለተኛው ላይ እንዲሠራ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራው ተቃውሞ ይመጣል። ድንጋጤዬ የሚቆምበት ፍጥነት እናቴ በሳምንቴ ባደረገችልኝ ከተወሰነ፣ ቁጣዬና ትዕግሥቴ የማን ናቸው? በልጅነቱ ስለተገፋ ዛሬ ቶሎ የሚገነፍለውን ሰው ማን ይፈርድበታል? ቁሳዊው ፈላስፋ «ማንም» ይላል፤ ቀደርን ያለ ምርጫ የሚረዳውም በሌላ በር ገብቶ እዚያው ይደርሳል። የወሎ ዑለማ ግን ለዚህ መልስ አልቸገራቸውም። ሸህ ጀውሀር ባስተማሩባት በሾንኬ፣ በዚያች በተራራ ጫፍ ላይ በድንጋይ በተሠራች የአርጎባ መንደር፣ እንደ ሌሎቹ የወሎ የዕውቀት ማዕከሎች ሁሉ፣ በአሽዐሪ የዐቂዳ (የእምነት መሠረት) ትምህርት «ከስብ» የሚባለው ነገር እንግዳ አይደለም፤ ድርጊቱን ፈጣሪ ይፈጥረዋል፣ ሰው ግን የራሱ ያደርገዋል፣ የሚጠየቀውም የራሱ ባደረገው ነው። ሐሳቡ ረቂቅ ነው፣ የነቀፉትም አሉ። ከሆርሞኑ ነገር ጋር ስናስተያየው ግን ትርጉሙ ይቀርበናል። የጭንቀት ሆርሞኔ ኮርቲሶል በምን ፍጥነት እንደሚወርድ እኔ አልወሰንኩም፤ ቁጣዬ ቶሎ እንደማይበርድ ካወቅሁ በኋላ ግን በንዴት ላይ ሆኜ ዱላ ማንሣት ወይም አለማንሣት የእኔ ይሆናል። ለአንዱ ይህ ቀላል ነው፣ ለሌላው ዳገት። ሚዛኑ ይህን ካላሰበ ፍትሐዊ አይደለም፤ ፍትሐዊ ሚዛን ያለው ፈራጅ ግን የዳገቱን ከፍታ አብሮ ይመዝናል ብሎ ማመን የሁለቱም ሃይማኖት ነው።

የአባት ነገር በልጅ መታየቱ በመጽሐፍ ቅዱስም ተነሥቷል። በነቢዩ ሕዝቅኤል ዘመን እስራኤላውያን አባቶች በበሉት ጎምዛዛ ወይን የልጆች ጥርስ ጠረሰ የሚል ተረት ይተርቱ ነበር፤ በምዕራፍ 18 ነቢዩ ይህን ተረት ዳግመኛ እንዳይናገሩት በእግዚአብሔር ስም ይከለክላቸዋል። ቁርኣንም ማንም የሌላውን ሸክም እንደማይሸከም ደጋግሞ ይናገራል። ሳይንሱን የሚያውቅ አንባቢ ሊስቅ ይችላል፤ የልጆች ጥርስ በእርግጥ ይጠርሳልና፣ የሆላንዱ ጥናት ያሳየው ይኸው አይደለም? አዎ፣ ይጠርሳል። ነቢዩ የከለከለው ግን መጥረሱን መናገር አይመስለኝም፤ መጥረሱን የበደል ማስረጃ ማድረግን ነው። ቁስል ይወረሳል፣ በደል አይወረስም። ይህ ልዩነት ጠፍቶ ሲገኝ «የረሃብ ልጅ» የሚለው ቃል ስድብ ይሆናል፣ «ዘሩ ነው» የሚለውም ፍርድ። እንደ ከሚሴ ባለ ኦሮሞ፣ አማራ፣ አርጎባና አፋር በአንድ ገበያ በሚውልበት፣ ባለፉት ዓመታትም ደም በፈሰሰበት አካባቢ፣ «ደሙ ነው» የሚል ቃል ምን እንደሚያመጣ መዘርዘር አያስፈልግም። ስለ ደም ማውራት ካለብን ግን በትክክል እናውራ። ኩላሊት አየር ሲሳሳ ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን ይልካል፣ የአጥንት መቅኔም ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል፤ ሕዋስ የኦክስጅንን ማነስ እንዴት እንደሚያውቅ ያሳዩት ሦስት ሳይንቲስቶች በ2019 (እ.ኤ.አ.) ኖቤል ተሸልመዋል። ሲንቲያ ቢል የተባለች አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ አማሮችን ሲመረምሩ የሄሞግሎቢናቸው መጠን በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም ሳይለይ አገኙት፤ በባሌ ከፍታ የሚኖሩ ኦሮሞዎች ግን ከፍ ያለ ሄሞግሎቢን ነበራቸው። ዘረኛ ሰው ይህን ይዞ ይሮጣል። ተመራማሪዎቹ ግን ያነሡት የቆይታን ነገር ነው፤ በሰሜን ከፍታ ሰው ከኖረ ቢያንስ 5,000 ዓመት ነው፣ ኦሮሞዎች ወደ ባሌ ከፍታ የወጡት ግን ከ500 ዓመት ገደማ ወዲህ ነው። ልዩነቱን የሚከተለው ዳገቱና ዘመኑ እንጂ ስሙ አይደለም። ከሚሴ በ1,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ለሁሉም ይበቃል።

ጽሕፈት በሰው እጅ መፋቁን የሚጠራጠር ካለ እንቅርትን ይመልከት። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እያልን የምንተርተው በሽታው ከመልመዳችን የተነሣ ነው። የታይሮይድ እጢ ሆርሞኑን ለመሥራት አዮዲን ይፈልጋል። አዮዲን ሲጠፋ ከአንጎል ሥር ያለችው እጢ ትእዛዟን እያበዛች ትልካለች፣ ታይሮይዱ የሚሠራበት ሳይኖረው መልሱ ማበጥ ብቻ ይሆናል። ከእብጠቱ የሚብሰው የማይታየው ነው፤ ጽንስ የራሱን የታይሮይድ ሆርሞን ሠርቶ እስኪበቃው ድረስ የአንጎሉ እድገት በእናቱ ሆርሞን ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አዮዲን የነበረው የአሰብ ጨው ቀረና አዮዲን ያልተጨመረበት የአፍዴራ ጨው ገበያውን ያዘ። አንድም ሰው የጽንስ አንጎል ለመጉዳት አስቦ አልተኮሰም፤ ሆኖም የድንበር ጦርነት በወጥ ጨው በኩል ማሕፀን ገባ። በ2011 (እ.ኤ.አ.) የሚኒስትሮች ምክር ቤት ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች 15 በመቶ ነበሩ፤ በ2016ቱ ጥናት 89 በመቶ ደረሱ። መጠኑ በየቤቱ በቂ ነበር ማለት አይደለም። ግን የስንት ልጅ «ያርባ ቀን ዕድል» በአንድ ደንብና በጥቂት ፋብሪካዎች እንደተለወጠ አስቡት። ደንቡ ሳይወጣ ያለፉትን ዓመታት ደግሞ በምን ስም እንጥራቸው? ዕድል ለማለት አፌ አይታዘዝም። መዘግየት ነው።

ነገሩ ሁሌም እንደ ጨው አይቀልም። ከሚሴ ቆላ ናት፣ ወባ አለባት። ኢትዮጵያ ትንኟ መድኃኒቱን እስክትለምደው ድረስ ለአሥርት ዓመታት የቤት ግድግዳ በዲዲቲ ስታስረጭ ኖራለች፤ ያ መርጨት ብዙ ነፍስ አትርፏል። በ1995 (እ.ኤ.አ.) ግን ዲዲቲ በሰውነት ውስጥ ተሰባብሮ የሚቀረው ንጥረ ነገር የወንዴ ሆርሞን ተቀባይ ላይ ተቀምጦ ለባለቤቱ በር እንደሚዘጋ ታወቀ። ሆርሞኑ ይመጣል፣ ወንበሩ ተይዟል። መርጫ ተሸክመው በየቤቱ የዞሩትን የወባ ሠራተኞች ማን ይወቅሳቸዋል? እኔ አልወቅስም፤ በሚያውቁት ልክ ከሞትና ከሞት ያነሰውን መርጠዋል። ዑመርም ሲመለሱ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ተጠያቂነት የሚለካው በዕውቀት ልክ ከሆነ ግን ዛሬ የምናውቅ ሰዎች ሸክማችን ከእነርሱ ይከብዳል። ኮምቦልቻ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ወደ ቦርከና የሚገቡት ሌዮሌና ወርቃ የተባሉ ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ እንደሚቀበሉ፣ ከቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም፣ ከብረት ሥራ ዚንክ እንደሚወርድባቸው አሳይተዋል። ይህ ብረት የጨፋን ሰው ሆርሞን አዛብቷል ብዬ አልከስም፤ ክሴ ሌላ ነው። ወንዙ ወደ ታች ነው የሚፈሰው፣ ዕውቀቱም ፈቃዱም ገንዘቡም ያለው ግን ከላይ ነው። ከታች ያለው እረኛ ግመሉን በለምለሙ ዳር ለማሰማራት መርጧል፣ ከእርሱ የሚጠበቀውን አድርሷል። ለምለሙ ዳር ራሱ ከላይ ከተበከለ ግን የዑመር ምሳሌ ወደ ማን እንደሚዞር ግልጽ ነው። ፋብሪካው ለልጆቻችን እንጀራ ነው የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን የእንጀራውን ዋጋ የሚከፍለው እንጀራውን ከሚበላው ሌላ ሰው ከሆነ ሸሁም ቄሱም ለዚህ ስም አላቸው።

ስለዚህ «ያርባ ቀን ዕድሉ ነው» የሚለውን አባባል ለሐዘን ቤት እንተውለት፤ እዚያ ያጽናናል። ከወረዳ ስብሰባ፣ ከፈቃድ ሰጪ ጠረጴዛና ከፋብሪካ ሪፖርት ግን ይውጣ። የጁሙዓ ኹጥባ የሚያሰሙ ኢማሞችና በሰንበት የሚሰብኩ ካህናት ስለ ቀደርና ስለ ፈቃደ እግዚአብሔር ሲያስተምሩ ስለ ጨውና ስለ ወንዝም ይጨምሩበት፤ ከትምህርታቸው የራቀ ነገር አይደለም። ከኮምቦልቻ በታች ያለው የቦርከና ውኃ በየጊዜው ይመርመር፤ ውጤቱም በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፎ በከሚሴ ገበያ ይለጠፍ።